ለደም ብዛቴ ነው

ዳቦ ለመቁረጥ ወይዘሮ የውብዳር መጀመሪያ ፍራሻቸውን ማንሳት ነበረባቸው። ቢላዎቹ ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ የድንች መላጫዋ እንኳ ሳትቀር፣ በአሮጌ ፎጣ ተጠቅልለው ከፍራሹ ሥር ናቸው። አንዱን መዝዘው፣ ዳቦውን ቆርጠው፣ አጥበውና አድርቀው ወደ ቦታው እስኪመልሱት ድረስ የልጅ ልጃቸው ራኬብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቆያለች። ማንም አዙሪ አላላትም። አንድ ቀን በራሷ ጀመረችው፤ ከዚያ ወዲያ የቤቱ ወግ ሆኖ ቀረ። አያትየው ፍራሽ ያነሳሉ፣ ልጅቱ ግድግዳ ታያለች፣ ሁለቱም ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። የዛሬው ወሬ ስለ ሙቀቱ ነበር።

«ዛሬስ ገና ከጠዋቱ ነው የጀመረው» አሉ ወይዘሮ የውብዳር እንዳጎነበሱ።

«አዎ» አለች ራኬብ ለግድግዳው።

ቤቱ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ያለ፣ ከጣውላና ከቆርቆሮ የተሠራ ሁለት ክፍል ነው። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ጎረቤታቸው ሙሚና ሻይ ስታማስል ማንኪያዋ ይሰማል። ስለዚህ እዚህ ቤት ቁም ነገር የሚባል ሁሉ በሹክሹክታ ነው የሚነገረው። ቅዳሜ ዕለት ራኬብ ልብስ እያጣጠፈች «ሐሙስ አራት ሰዓት የአእምሮ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ፤ ራሴ ደውዬ ነው ያስያዝኩት» ስትል ግን ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። ወይዘሮ የውብዳር ከሁሉ አስቀድመው ያዩት የልጅቱን ፊት አልነበረም፤ ግድግዳውን ነበር። ከወዲያ ማንኪያው ቆሞ እንደሆነ ነው ያዳመጡት። በኋላ ብቻቸውን ሲሆኑ ይህ ነገር እየመጣ ፊታቸውን አቃጠለው። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ስትነግራቸው ጆሯቸውን ለጎረቤት ማዋሳቸው! ግን ምን ያድርጉ፤ እዚህ አገር ያለው የሐበሻ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚሳለሙት ቤተ ክርስቲያን አንድ ነው፤ አንዱ ቤት የተሳለ ሳል እሑድ ከቅዳሴ መልስ «ተሻለህ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ራኬብ ደግሞ ገና አግብታ የምትወልድ ልጅ ናት። ቡላኦስ ሰፈር የምትሠራበት የትራንዚት ቢሮ እንኳ ፈቃድ ላይ ናት ብሎ ቦታዋን የጠበቀላት ወባ ነው ብለውት ነው። ኩዌት የምትሠራው እናቷ መዓዛም በየዓርቡ ደውላ «ራኬቤስ?» ስትል «ተኝታለች» ትባላለች፤ ዓይኗን ሳትከድን የምታነጋዋ ልጅ።

እሑድ ዕለት የማኅበራቸው ሴት ዓለምነሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ «እትዬ የውብዳር፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?» ስትላቸው አፋቸው ቀደማቸው። «ሐሙስ ሐኪም ጋ እቀርባለሁ» አሉ። «ለደም ብዛቴ ነው።» ካሉት በኋላ ቀለል አላቸው። ሐሙስ ሁለቱ ለባብሰው ሲወጡ ያየ ሰው ምክንያቱን አገኘ ማለት ነው። የማኅበራቸውን ደንብ ያስታወሱት እቤት ከገቡ በኋላ ነው። ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ፣ ዘመድ አገር ቤት ስለሚቀር፣ የማኅበሩ ሰው ሐኪም ቤት ብቻውን አይሄድም፤ ተራ የደረሳት ሴት ስንቅ ይዛ አብራው ትውላለች። እሳቸው ራሳቸው ስንቱን ሸኝተዋል፣ ስንቱ አልጋ አጠገብ በርጩማ ላይ እያንቀላፉ ውለዋል። ማክሰኞ ለዓለምነሽ ደውለው «ራኬብ አለችልኝ፣ አትድከሚ» አሏት። «እሺ እትዬ» አለች። እሺታዋ ግን አላማራቸውም።

ከሙላው በቀር ማንም የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ሙላው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ወደቡ በወረደ ቁጥር በርበሬውንም ጸበሉንም ይዞላቸው ይመጣል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ራኬብን ከፊት ወንበር አስቀምጦ አምጥቶ በራቸው ላይ አወረዳት። ዶራሌ መንገድ ላይ፣ ኮንቴይነር የጫኑት መኪኖች በሚከንፉበት አስፋልት መሀል ነው ያገኛት። እየተሻገረች አልነበረም። ቆማ ነበር። «እማማ፣ ፍሬን ባልይዝ እኮ…» ብሎ የቀረውን ዋጠው።  ወይዘሮ የውብዳር ያን ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» አላሉትም። «ለማንም እንዳትናገር» ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አያነሱለትም። ዛሬ ሐሙስ ጠዋትም ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ሲነዝር ስሙን አይተው የጠረጴዛ ልብሱን ጣል አደረጉበት። ልጅቱን ያተረፈላቸውን ሰው እንደ አበዳሪ ይሸሹታል።

ዳቦው ተበላ ከተባለ በኋላ፣ ማለትም ራኬብ ከሻይዋ ጋር ቆርሳ ሳህኑ ላይ ከበተነችው በኋላ፣ ማስዋቡ ተጀመረ። ሰማያዊው ቀሚስ ሌሊቱን ተተኩሶ በሩ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደረው። ወይዘሮ የውብዳር የልጅቱን ፀጉር በቅባት አርሰው፣ አበጥረው፣ ወደ ኋላ ሰበሰቡት። የእናቷን የጆሮ ወርቅ አደረጉላት። ከንፈሯ ደርቆ ስለነበር ቫዝሊን ቀቧት። ሐኪሙ ገና ከበሩ ሲያያት «ይቺ ምን ሆንኩ ብላ መጣች?» እንዲል ነው የፈለጉት። ምላሷንም እንደ ፀጉሯ ሊያበጥሩት ተነሡ።

«እንቅልፍሽ እንዴት ነው ካለሽ፣ ደህና ነው በይ።»

«ደህና ከሆነ ምን ልሠራ ሄድኩ?»

«ራሴን ያመኛል በይዋ።»

«ለራስ ምታት እኮ ፋርማሲ አለ፣ እማማ።»

«አትመልሽልኝ። ታለቅሻለሽ ወይ ካለሽ፣ ኧረ በጭራሽ በይ። እቤትስ ካለሽ፣ ከአያቴ ጋር ተሳስቀን ነው የምንኖረው በይ። አንገትሽን ደፍተሽ እንዳታወሪ ደግሞ። ቀና ብለሽ፣ ፈገግ ብለሽ።»

ራኬብ ቀና ብላ ፈገግ አለች። «እንዲህ?»

ወይዘሮ የውብዳር ፈገግታውን አዩትና ማበጠሪያውን አስቀመጡት። «እሱስ ይቅር» አሉ።

የጣሪያው ቬንቲላተር እየተንቋቋ ዞረ። ራኬብ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ ዋዛ፣ «የዶራሌውንስ?» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሉ በመካከላቸው ሲነሳ የመጀመሪያው ነው።

«የቱን የዶራሌ?» አሉ ወይዘሮ የውብዳር።

ልጅቱ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ማጥበቅ ያዘች፤ ጠብቆ የነበረውን።

ግቢውን ሲያቋርጡ ሙሚና ልብስ ታሰጣ ነበር። ድሬዳዋ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ እንደ ውኃ ነው። «አቤት አቤት! ሰርግ አለና ሳልጠራ ቀረሁ?» አለች ራኬብን ከላይ እስከ ታች እያየች። «ሐኪም ጋ ነው፣ ለደም ብዛቴ» አሉ ወይዘሮ የውብዳር። «ታዲያ በሽተኛዋ እርስዎ፣ የተኳለችው እሷ!» ብላ ሳቀች ሙሚና። እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ አስበልጠው ሳቁ። የግቢውን በር ሲከፍቱ ሳቁ አፋቸው ላይ ቀረ። ዓለምነሽ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ በአንድ እጇ የአጥሚት ፔርሙስ አንጠልጥላ ቆማለች። ታክሲም ይዛለች።

«አትምጪ አላልኩሽም?»

«ብለውኛል» አለች ዓለምነሽ። «እኔ ታምሜ እርስዎ ቀሩ? ይግቡ፣ ሰውዬው ቆጣሪ የለውም እንጂ ይቆጥር ነበር።»

ሾፌሩ ከሙቀቱ የተነሳ አንድ ሺህ ፍራንክ ነው ሲል፣ ዓለምነሽ ግማሹን በሱማልኛ ግማሹን በፈረንሳይኛ «ሙቀቱን የምትሸጠው አንተ ነህ እንዴ?» ብላ በአምስት መቶ አስማማችው። መንገዱን ሙሉ ያወራችው በደም ብዛት ስለ ሞቱ ሰዎች ነው። እገሌ ጫማውን እያሰረ፣ እገሊት ሽንኩርት እየገዛች። ወይዘሮ የውብዳር ከኋላ ወንበር የራኬብን እጅ ይዘው በልባቸው ያሰላሉ። ሐኪም ቤቱ ሲደርሱ ቶሎ ግፊታቸውን ተለክተው፣ «በቃ ደህና ነኝ» ብለው ዓለምነሽን ይሸኙና ልጅቱን ይዘው በጓሮ ይሄዳሉ። የአእምሮ ሐኪሙ ቤት ከግቢው ጫፍ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ያለው አረንጓዴ በር መሆኑን ትናንት ብቻቸውን መጥተው አይተውታል። ሰው በዚያ ሲያልፍ ዓይኑን ሰብሮ እንደሚያልፍም አይተዋል። እሳቸውም ስንት ዓመት እንደዚያው ሲያልፉ ኖረዋል።

የግፊት መለኪያው ክፍል በሰው ተሞልቷል። ዓለምነሽ «እናታችን ናት፣ አሳልፉን!» እያለች እየገፋች ብትወስዳቸውም አራት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው የደረሱት። አቡዘር የሚባለው ወጣት ነርስ ክንዳቸውን ጠቅልሎ ነፋ፤ አስተነፈሰ፤ እንደገና ነፋ። ፊቱ ተለወጠ። ከራኬብ ጋር በፈረንሳይኛ ተነጋገሩ።

«ምን አለ?» አሉ ወይዘሮ የውብዳር።

«በጣም ከፍ ብሏል። ሐኪም እስኪያይዎት ይተኙ ነው የሚለው።»

«አላልኩም!» አለች ዓለምነሽ፤ ደስ ያላት ትመስል ነበር። «ፊትዎን አይቼ እኮ ነው!»

እንዲህ ሆኖ ወይዘሮ የውብዳር ምላሳቸው ሥር ኪኒን ተደርጎላቸው፣ ጫማቸው ወልቆ፣ በመስኮት በኩል ባለው አልጋ ላይ ተጋደሙ። እውነትም ልባቸው ጆሯቸው ውስጥ ይመታ ነበር። በመስኮቱ የኒሙ ዛፍ ይታያል፤ ከሥሩ አረንጓዴው በር። አንዲት ሴት ወጣ ብላ ግራ ቀኝ አየችና ተመልሳ ገባች። የግድግዳው ሰዓት ከአራት ወዲያ ሄዷል። ሐኪሙ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ቀትር ላይ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ከተማው በሙሉ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሚገኝ ማን ያውቃል። ይህን ሁሉ እያወቁ «ዓለሜ፣ አንቺ ሂጂ፣ ሥራ አትፍቺ» ይላሉ፤ ዓለምነሽ በርጩማውን ታስጠጋለች። «ኧረ እስቲ ውኃ ግዢልኝ» ይላሉ፤ ከቦርሳዋ ውኃ ታወጣለች። ራኬብ በካርቶን ቁራጭ እያራገበችላቸው ነው። ሰዓቱን አታይም። መስኮቱንም አታይም።

ዓለምነሽ ወደ ራኬብ ዞረች። ያመመውን ሰው ትቶ ያስታማሚውን አፍ መጠየቅ የጠያቂዎች ልማድ ነው። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ እሷስ አትናገርም። ምንድን ነው የሚያደርጋት?»

ራኬብ ማራገቧን ቀጠለች። ወይዘሮ የውብዳር በልባቸው «ራስ ምታት በይ» አሏት።

«ሌሊት አትተኛም» አለች ራኬብ። «ብትተኛም የምትነቃው ደክሟት ነው። ምግብ አፏ ውስጥ ወረቀት ይሆንባታል። ሰው ሲያናግራት ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ እሷ ውኃ ውስጥ ሆና እሱ ከላይ እንደሚጣራ። ታለቅሳለች እንዳልልሽ፣ ማልቀስም አቅቷታል።»

«ውይ!»

«ጠዋት ጠዋት ደግሞ ያፍራታል። እንዲሁ በመኖሯ ያፍራታል። ሁሉም ሰው ለእሷ ብሎ የሚዋሽ፣ የሚደበቅ፣ የሚጨነቅ ይመስላታል። ባልኖር ይገላገሉ ነበር ትላለች።»

«እንዲህ ትላለች?»

«አትልም» አለች ራኬብ። «ታስባለች።»

«አንቺ ታዲያ እንዴት አወቅሽ?»

«አንድ ቤት አይደል የምንኖረው።»

ዓለምነሽ እንባዋ መጣ። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ እየወሰደች «እትዬ የውብዳር! ይህን ሁሉ ይዘው ነው ዝም ያሉን? እኛ ሰው አይደለንም?» አለች። ወይዘሮ የውብዳር ጣሪያውን ያዩ ነበር። ኪኒኑ ምላሳቸው ሥር መረራቸው። ከግድግዳ ጋር የምትነጋገረዋ ልጅ፣ «አዎ»ና «እሺ» ብቻ የቀራት ልጅ፣ ይህን ሁሉ ቃል ይዛ ነበር? በዚያች ስስ ቤት ውስጥ የጎረቤት ማንኪያ ሲያዳምጡ የኖሩት ሴትዮ ይህንን ሳይሰሙ? አሁንም የሰሙት የራሳቸው ሕመም ሆኖ ሲነገርላቸው ነው።

ራኬብ ጎንበስ ብላ ወደ ጆሯቸው ቀረበች። «እማማ፣ አይጨነቁ፣ ግፊቱ ይብስብዎታል። ሰዓቱም አልፏል። ይቅር» አለች፤ ፈገግም አለች። የጠዋቷ ፈገግታ ነበረች።

ወይዘሮ የውብዳር ክንዳቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ዓለሜ፣ ጫማዬን አቀብዪኝ።»

«የት ሊሄዱ? ተኙ ተብለዋል እኮ!»

«የተናገረችው የእኔን አይደለም።»

«ምኑን?»

«የራሷን ነው። ቀጠሮው የእሷ ነው። የአእምሮ ሐኪም ጋ ነው፣ እዚያ ማዶ። አራት ሰዓት ነበር። ዋሽቼሽ ነው፤ እኔ ነኝ እዚህ ያስቀመጥኳት።»

በሹክሹክታ ሊሉት ነበር። የወጣው ግን ክፍሉን የሞላ ድምፅ ነው። ከወዲያኛው አልጋ አማርኛ የምትሰማ ሴት ኖራ ቀና ብላ አየቻቸውና ቶሎ ዓይኗን መለሰች። ራኬብ ካርቶኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከእሑድ እስከ እሑድ አፏ የማይዘጋው ዓለምነሽ ጎንበስ ብላ ጫማውን ከአልጋው ሥር ሳበችና ከእግራቸው አጠገብ አስቀመጠችው። ነርሱ እየሮጠ መጥቶ «ማማ፣ ኖ፣ ኖ!» ሲል «እመለሳለሁ፣ ልጄን ላድርስ» አሉት በአማርኛ፤ ገባውም አልገባው፣ መንገድ ለቀቀላቸው።

የግቢው አስፋልት በጫማ ውስጥ ያቃጥላል። ወይዘሮ የውብዳር የራኬብን ክንድ ይዘዋል፤ ማን ማንን እንደደገፈ አይታወቅም። ከወደ መድኃኒት ቤቱ በኩል የሚሄዱ ሰዎች አዩአቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሊስቡ እጃቸው ተነሣ፤ ከዚያ እጃቸው ለልጅቱ ክንድ ያስፈልግ ስለነበር ተዉት። ሀፍረቱ አልቀረላቸውም። አብሯቸው ነበር የሚሄደው፤ ብቻ ከኋላ ሆነ።

በሩ ላይ ያለችው ሴት ስም ጠየቀች። ወይዘሮ የውብዳር አፋቸውን ሲከፍቱ ራኬብ ቀደመቻቸው። «ራኬብ ኃይለማርያም» አለች። ሴትየዋ ለምን እንደዘገዩ በፈረንሳይኛ ተቆጣች፤ ገባች፤ ወጣች፤ «ይጠብቁ፣ ያያታል» የሚል ምልክት አሳየች። ጥቂት ተቀምጠው በሩ ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር ወጡ፤ ሴትየዋም ራኬብን በጣቷ ጠርታ ወደ አያቷ ጠቁማ አንድ ነገር ጠየቀች።

«እርስዎም ይገባሉ ወይ ነው የምትለው» አለች ራኬብ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ልጅቱ በሩን አየች። «ብቻዬን» አለች።

ወጋቸው። ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ልትገባ ስትል የሰማያዊውን ቀሚስ እጅጌ ያዙት። ዓለምነሽ ከኋላ ቆማ ትሰማለች፤ ትስማ። «የጠዋቱን ሁሉ ተዪው» አሉ። «የዶራሌውን ንገሪው። አስፋልቱ ላይ መቆምሽን። ሙላው ማምጣቱን። ቢላዎቹንም ንገሪው። እኔ ፈርቼ ነው፣ ልጄ።» ራኬብ አየቻቸው፤ ፈገግ አላለችም። ገባች።

አግዳሚው ላይ ሰፊ ቦታ ነበር። ዓለምነሽ በመካከላቸው የሰው ቦታ ያህል ትታ ተቀመጠች፤ ፔርሙሱን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። እዚህ ሰው እንዳያያት መሆኑን ወይዘሮ የውብዳር አወቁት። አልፈረዱባትም። እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ምን እንደሚባል አሰቡ፤ ለመዓዛ ዓርብ ምን እንደሚሏት አሰቡ፤ መድኃኒት ከሰጣት ጸበሉ ይቀር እንደሆነ አሰቡ።  ልባቸው አሁንም ጆሯቸው ውስጥ ይመታል። በሩ እንደ ቤታቸው ግድግዳ ስስ ነው። መጀመሪያ የሐኪሙ ድምፅ ተሰማ፤ አጭር። ከዚያ ዝምታ፤ ረጅም፣ በጣም ረጅም። ወይዘሮ የውብዳር ወገባቸውን ቀና አደረጉ።

ከዚያ ራኬብ ጀመረች። በፈረንሳይኛ ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ ኋላ ፈጠን እያለ፣ አንዱ ቃል ሌላውን እየገፋ። ቆመ። ተመልሶ መጣ። ድምፅዋ ተሰበረ፤ ለቅሶ ይሁን ሳል አይለይም፤ ግን አላቋረጠችም። ወይዘሮ የውብዳር ፈረንሳይኛቸው የገበያ ነው፤ ከዋጋና ከሰላምታ አያልፍም። ያን ሁሉ ንግግር አንድ ቃል አልያዙለትም።

ዓለምነሽ ከወዲያ ጫፍ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። «ምን እያለች ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ ወይዘሮ የውብዳር፤ ዓይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም። «ዝም በይ፣ ዓለሜ። እየተናገረች ነው።»